ለሚዳቋዋ የመረጥነው ጠመንጃ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ የአሰብን መስመር በኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው በምመላለስበት ወቅት ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። በዚያ መንገድ ላይ ሽፍታም፣ ደራሽ ጎርፍም፣ ቁልቁለት ላይ የፍሬን መበጠስም ደርሶብኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሰዎች ተሰብስበው ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው አንዲት የአፋር ሴት ናት።

በዚያ ዘመን አሰብ የገባ ሹፌር ቶሎ አይወጣም። መርከቡ ይዘገያል፤ መርከቡ ሲመጣ ክሬኑ ይበላሻል፤ ክሬኑ ሲሠራ ደግሞ ወረፋው አይደርስም። መኪናችንን ከወደቡ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ደርድረን መጠበቅ ነው ሥራችን። ሙቀቱን ያልቀመሰ ሰው በወሬ አይገባውም። እኩለ ቀን ላይ የመኪናውን በር እጀታ በባዶ እጅ የሚይዝ አልነበረም።

እኔ ግን ከብዙዎቹ ሹፌሮች የተሻለ ዕድል ነበረኝ። ያሲን የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። ያሲን የወደቡ ሚዛን ቤት ሠራተኛ ሲሆን ተወልዶ ያደገው እዚያው አሰብ ነው። አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ ጋቢና ውስጥ ስንቀጠቀጥ አይቶ እቤቱ ወስዶ እንደ ወንድሙ አስታመመኝ። ከዚያ ወዲህ አሰብ ስገባ ማረፊያዬ እሱ ቤት ሆነ። እኔ ክርስቲያን እነሱ እስላም በመሆናችን ሥጋችን ይለያያል። ሚስቱ ዘይነብ ይህን አስባ የራሴን ድስት ገዝታ ለብቻ ታስቀምጥልኝ ነበር። ዓሣ ሲሆን ግን ከአንድ ሰሐን ነው የምንበላው።

ያሲን እናቱንም አብሮ ይጦር ነበር። እማማ ሐዋ እላቸዋለሁ። አፋር ናቸው፤ ከአሰብ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሜዳው ላይ ፍየልና ግመል ሲጠብቁ አድገው ለአንድ ባሕረኛ ተድረው ነው ከተማ የገቡት። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አማርኛ ጥቂት ያውቃሉ፤ የሚያውቋትን ግን ለእኔ አይሰስቱም። ከመንገድ ስገባ "ልጄ፣ ደኅና ገባህ?" ይሉኛል።

በዚያን ጊዜ ስደርስ እማማ ሐዋ አልጋ ላይ ነበሩ። ትኩሳት ይዟቸው፣ ሐኪም አይቷቸው፣ መድኃኒት ወስደው ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ምግብ ግን እምቢ ብለዋል። ዘይነብ ሾርባ ስታቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ፍየል ታርዶ አልቀመሱም፤ ዓሣ ቀርቦ አልቀመሱም። ሐኪሙ ለያሲን "በሽታው ለቋቸዋል፤ ካልበሉ ግን የሚጎዳቸው ረሃቡ ነው" ብሎት ነበር። እጃቸውን ስይዝ የጨበጥኩት አጥንት ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ያሲን ከእናቱ ክፍል ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"የሚዳቋ ሥጋ ቢገኝ እቀምስ ነበር አለችኝ" አለኝ። "ልጅ ሆና አባቷ አድኖ ያበላት ነበር መሰለኝ። መርሻ፣ አንተ ጠመንጃ አለህ። አደንም ታውቃለህ።"

እውነቱን ነው። በዚያ መንገድ በረሃውን የሚያቋርጥ ሹፌር መሣሪያ መያዙ የተለመደ ነበር። የእኔ ከአባቴ የወረስኩት ረጅም ምንሽር ነው። አባቴ በእኛ አገር ቆላ የታወቀ አዳኝ ስለነበር ከሱ ጋር ብዙ ወጥቻለሁ። ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የከተማውን ሥጋ ማን እንዳረደው የምንጠያየቅ ሰዎች ነን። እኔ የገደልኩትን እማማ ሐዋ አይበሉም። "ቢስሚላህ" ብሎ መተኮስም ሆነ ማረድ ያለበት ያሲን ነው። ያሲን ደግሞ በሕይወቱ ጠመንጃ ተኩሶ አያውቅም።

ነገሩን ይዘን ወደ በየነ ጋራዥ ሄድን። በየነ የኤርትራ ደገኛ ነው፤ አሰብ ከከተመ ብዙ ዘመኑ ነው። አሮጌ ላንድሮቨር፣ የአደን ፈቃድና አንዲት ቀጭን ባለ ሃያ ሁለት ካሊበር ጠመንጃ አለው። በሷ ቆቅና ጅግራ ይመታል። ስለ ምንሽሬ ሳነሳለት ሳቀ።

"ምንሽር ለሚዳቋ? ሥጋውን በማንኪያ ልትለቅሙ ነው?" አለ። "እሱ ለጎሽ ነው። ፍየል ለምታህል እንስሳ የኔዋ ትበቃለች። ሥጋውም አይበላሽ፣ ቆዳውም አይበላሽ።"

"ወፍ የሚገድል ጥይት ሚዳቋ አይገድልም፤ ያቆስላታል እንጂ" አልኩት። "ቆስላ ታመልጥና ጥሻ ሥር ስትማቅቅ ትሞታለች። ሥጋውን አንተም አታገኘው፣ እሷም አታርፍ።"

ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ጠመንጃ ስትመርጥ መጀመሪያ ስለ ሥጋው ሳይሆን ስለ እንስሳው አስብ፤ በአንድ ጥይት የማይጥል ይዘህ አትውጣ ይለኝ ነበር። በየነ ግን አልተረታም። ተጠግተህ ቦታውን ከመታህ ትንሿም ትገድላለች አለ። እኔ ሚዳቋ መች አስጠግታ ታውቃለች አልኩ። የጥይቱን ውፍረት፣ የባሩዱን መጠን እየጠቀስን ብዙ ተከራከርን። ያሲን ሲያዳምጠን ቆይቶ፦

"ሁለታችሁም አንድ ነገር ረሳችሁ" አለ። "የምተኩሰው እኔ ነኝ።"

የያሲን ቀኝ ትከሻ ጤና አልነበረውም። ወጣት ሳለ ወደቡ ላይ ከክሬን ገመድ የተፈታ ጆንያ ወድቆበት አውልቆት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር አይሸከምበትም። ምንሽር ደግሞ ሲተኮስ እንደ በቅሎ ነው የሚራገጠው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሦስታችን በበየነ ላንድሮቨር ወጣን። ሁለቱንም ጠመንጃ ይዘናል። ከተማውን ርቀን፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ሜዳ ላይ ቆምን። ለመሞከር ብዬ አንድ ድንጋይ አሳየሁትና ምንሽሩን ያሲን ትከሻ ላይ አስተካክዬ ደገፍኩለት።

ተኮሰ። ድንጋዩም ድንጋዩ ያለበት አካባቢም አልተነካም። ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል፤ ትከሻውን በግራ እጁ ይዞ ከንፈሩን ነክሷል። ሊተኩስ ሲል ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። "ድጋሚ ልሞክር" አለ። ድጋሚም ሳይተኩስ በፊት ዓይኑ ሲጨፈን አየሁት። ጠመንጃውን ቀስ ብዬ ከእጁ ወሰድኩ።

አባቴ ያላስተማረኝን ያን ጠዋት ተማርኩ። ጠመንጃ ለሚገደለው ብቻ ሳይሆን ለሚተኩሰውም ልክ መሆን አለበት። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው ምንሽርም ያዘ መድፍ ያው ነው። ሁለቱንም የሚያስማማ መካከለኛ መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ ችግር አልነበረም፤ አልነበረንም። የበየነን ባለ ሃያ ሁለት ሰጠሁት። በሷ ሲተኩስ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ድንጋዩን መሐሉን አገኘው። በየነ ጢሙን እያሻሸ ፈገግ አለ። እኔ ልቤ አልወደደውም፤ ያለን ምርጫ ግን እሱ ብቻ ነበር።

"በጣም ካልተጠጋህ እንዳትተኩስ" አልኩት። "ከፊት እግሯ ጀርባ፣ ዝቅ አድርገህ።"

ፀሐይዋ ብቅ ስትል የሚዳቋ መንጋ አየን። ቁጥቋጦ ሥር የበቀለች ሣር ይለቅማሉ። እኔና ያሲን ከመኪናው ወርደን በነፋሱ ተቃራኒ በሆዳችን ተሳብን። ከመካከላቸው አንዷ ገለል ብላ ነበር። ሌሎቹ ጆሯቸውን አቁመው ራቅ ሲሉ እሷ ቀና ብላ አየችንና ተመልሳ ሣሯን ቀጠለች። እንዲህ ያለ ሚዳቋ አይቼ አላውቅም። የፈዘዘች ወይም የታመመች መሰለችኝ።

የያሲን ከንፈር ለቢስሚላህ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀጥሎ ተኮሰ።

ድምፁ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያህል ነው። ሚዳቋዋ ወደ ላይ ዘለለች፣ በኋላዋ ተቀመጠች፣ ከዚያ ተነሥታ በሦስት እግሯ ሮጠች። እጁ ትንሽ ስቶ ጭኗን ነው ያገኘው። እኔ ምንሽሬን አንሥቼ አነጣጥሬባት ነበር። ብተኩስ አልስታትም።

"መርሻ፣ አትተኩስ" አለኝ ያሲን። "አንተ ከገደልካት እናቴ አትበላም።"

ጣቴን ከምላጩ አነሣሁ። ሚዳቋዋ ከጉብታው ጀርባ ተሰወረች።

በየነ ከመኪናው ጋር ቀረ፤ የራዲያተሩ ውኃ መፍላት ጀምሮ ነበር። እኛ ደሙን ተከትለን በእግራችን ሄድን። መጀመሪያ ደሙ በየድንጋዩ ላይ ይታይ ነበር፤ እየቆየ ጠብታው ራቀ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የያዝናት ኮዳ ውኃ አለቀች። እንመለስ ስለው እምቢ አለኝ።

"ቆስላ አመለጠች ብዬ ለእናቴ እንዴት እነግራታለሁ?" አለ። "ሥጋውስ ይቅር። እንዲህ አድርጌ ልተዋት አልችልም።"

እኔም ልተዋት አልቻልኩም። ግን ፈርቼ ነበር። ያሲን የከተማ ሰው ነው፤ ጫማው የቢሮ ጫማ ነው። ላቡ መውጣት አቁሞ ፊቱ ደርቆ ስመለከት አውቃለሁ፤ እንዲህ የሆነ ሰው በረሃ ላይ ብዙ አይቆምም። ዞር ብዬ መኪናውን ብፈልግ ከሩቅ የሚታየው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። የትኛው ጉብታ የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥዬ እየደገፍኩት ስሄድ ፍየል ሲጮኽ ሰማሁ።

ከጉብታው ሥር የሰሌን ጎጆዎች ነበሩ። ደሙ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ከአንዱ ጎጆ ጥላ ሥር ከግልገሎች መሐል ሚዳቋዋ ተኝታለች። አጠገቧ አንዲት ረጅም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ጭኗን ትዳብሳለች። ያን ጊዜ ነው አንገቷ ላይ ያለውን ያየሁት። ከቆዳ የተገመደ ቀጭን ማሰሪያ ነበረባት፤ ዛጎል ተሰክቶበታል።

የዱር አልነበረችም። የሰው ነበረች። ቆስላ የሮጠችው ወደ ቤቷ ነው።

 በዚያ አገር የሰው እንስሳ ማቁሰል ምን እንደሚያስከትል የአሰብ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። በመኪና ፍየል ገጭተው ሕይወታቸውን ያጡ ሹፌሮች ወሬ ስንሰማ ነው ያደግነው። ሴትየዋ ቀና ብላ መጀመሪያ እጄ ላይ ያለውን ምንሽር አየች። ቀጥሎ ያሲንን አየችው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ እግሩ እየተብረከረከ። ጠመንጃዎቹን ድንጋዩ ላይ እንድናስቀምጥ በእጇ አሳየችን። አስቀመጥን። ወደ ጎጆዋ ገብታ ውኃ ይዛ ወጣች።

 ያሲንን ራሱን ደግፋ ጥቂት በጥቂት አጠጣችው። ሊጎነጭ ሲቸኩል ዕቃውን ከአፉ ትነጥቀዋለች፤ ቆይታ ትመልስለታለች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ያሲን ነፍሱ መለስ ስትል ነው በአፋርኛ ያናገረችው። የተባባሉትን በኋላ ያሲን ነው የተረጎመልኝ።

"ይህ የማን እጅ ነው?" አለችው ወደ ሚዳቋዋ እያመለከተች።

"የኔ ነው" አላት። "የዱር መስላኝ ነው። ማሰሪያዋን አላየሁም።"

"እናቷን ጅብ በልቶባት የፍየሎቼን ጡት አጥብቼ ያሳደግኳት ናት። ቀን ከዱሮቹ ጋር ትውላለች፤ ማታ ትመለሳለች።" ቀና ብላ አየችውና "አንተ የተራብክ አትመስልም። ለምን ተኮስክ?" አለችው።

ያሲን እናቱን ነገራት። አልጋ ላይ እንዳሉ፣ ምግብ እምቢ እንዳሉ፣ ሚዳቋ ብቻ እንዳማራቸው።  የሚባለውን ካሳ ለመክፈል ዝግጁ ነኝም አላት። እሷ ወደ ሚዳቋዋ ተመለሰች።

"መጀመሪያ ያዙልኝ" አለች።

እኔ የሚዳቋዋን ራስ ያዝኩ፣ ያሲን እግሮቿን። ሴትየዋ ቀጭን ቢላዋ እሳት ላይ አግላ በጣቷ ጭኑን እየዳበሰች ፈለገች። ጥይቷ አጥንት ጋ አልደረሰችም፤ ከቆዳው ሥር ሥጋው ውስጥ ተቀርቅራለች። ስትወጣ ሽንብራ ታህላለች። የሚዳቋዋ ልብ ከመዳፌ ሥር እንዴት ይመታ እንደነበር አሁንም እጄ ላይ ይሰማኛል። ሴትየዋ ቁስሉ ላይ ቅቤ አፍስሳ፣ የምታውቀውን ቅጠል አድርጋ አሰረችው።

ምንሽሩ ቢሆን ኖሮ ያች እንስሳ እዚያው ወድቃ ቀርታ ነበር። ይህን ስል ትንሽ ጥይት ይሻላል ማለቴ አይደለም። በትንሽ ጥይት ቆስለው ጥሻ ውስጥ የበሰበሱ ብዙ አይቻለሁ። የዚያን ዕለቱ ዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ ለሌላ ሰው ምክር አይሆንም።

የሴትየዋ ባል የመጣው ይህን ጨርሰን ሳንነሣ ነው። ከሩቅ ግመል እየሳበ፣ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ወገቡ ላይ ቆልማማ ጩቤ ታጥቆ ሲመጣ አየሁት። ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ወዳለው ምንሽር ሄደ። ያሲን በአማርኛ ዝቅ ባለ ድምፅ "እንዳትንቀሳቀስ። ለሷ ተወው" አለኝ።

ሴትየዋ ተነሥታ ሄደች። የግመሉን ገመድ ከእጁ ተቀበለች። ስለኛ አንድም ቃል ሳትናገር አስቀመጠችውና ወተት አቀረበችለት። እሱ በዕቃው ጠርዝ በኩል እያየን ጠጣ። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ አፉን ሲጠርግ፣ ያን ጊዜ ነገረችው። ያሲን በኋላ "ጉሮሮው የደረቀ ሰው ክፉ ወሬ አይነገረውም፤ ታውቃለች" ብሎኛል።

ሰውየው ሚዳቋዋን ሄዶ አየ። ቁስሉን ነካ። ተመልሶ ያሲን ፊት ለፊት ተቀመጠና ስለ ጥይቱ ሳይሆን ስለ እናቱ ጠየቀው፤ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ጎሳቸውን፣ ውኃ የሚያጠጡበትን ጉድጓድ። ያሲን የሚያውቀውን ያህል መለሰ።

"ዘመዴ አይደለችም" አለ ሰውየው። "የአባቷን ግመሎች ምልክት ግን አባቴ ይነግረኝ ነበር።" ምልክቱን በጣቱ አሸዋው ላይ ሠራው። ያሲን የአያቱን ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እዚያ አሸዋ ላይ ነው።

ልንሄድ ስንል ሴትየዋ በጭስ የታጠነ የሰሌን ዕቃ ሙሉ የግመል ወተት አመጣች።

"እናትህን ያማራት ሥጋ አይመስለኝም" አለችው። "ይህን ስጣት። ከጠጣች እሷን አምጣልኝ።"

ባልየው መንገዱን አሳይቶን መኪናው ድረስ ሸኘን። በየነ ስንጠፋበት ተጨንቆ መለከቱን እየነፋ ነበር። ባዶ እጃችንን ሲያየን "ሥጋውስ?" አለ። ያሲን የወተቱን ዕቃ እንደ ሕፃን አቅፎ ጋቢና ገባ።  በመንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ በዚያች ጠመንጃ ጉዳይ በየነ ከዚያ ወዲህ አልተከራከረኝም።

ቤት ስንደርስ እማማ ሐዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ያሲን የዕቃውን ክዳን አፍንጫቸው አጠገብ ከፈተው። ዓይናቸውን ገለጡ። በአፋርኛ አንድ ነገር አሉ። ያሲን ወደኔ ዞሮ "የዕንጨቱን ስም ነው የጠራችው" አለኝ፤ "ዕቃው የታጠነበትን ዕንጨት።" እጃቸውን ዘርግተው ዕቃውን ራሳቸው ያዙ። ዘይነብ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጥቂት ነው የጠጡት፤ ግን ጠጡ። ማታም ደገሙት።

ወተቱ ሲያልቅ ወደ ሜዳው ውሰዱኝ አሉ። እቤት ውስጥ ክርክር ሆነ። ዘይነብ ሐኪም የሌለበት በረሃ ታማሚ አይወሰድም አለች። እውነቷን ነበር። ያሲን ሲያመነታ ሰነበተ። በመጨረሻ እማማ ሐዋ ዘይነብን ጠርተው እጇን ይዘው ብዙ ተናገሩ። ዘይነብ እያለቀሰች ወጣችና ልብሳቸውን ጠቀለለች። ምን እንዳሏት ጠይቄያት አልነገረችኝም።

እንደ ዕድል የኔም ወረፋ ደረሰ። ስንዴ ጫንኩ። ረዳቴ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ጋቢናውን ለቀቀልን። እማማ ሐዋን ያሲን አቅፎ አወጣቸው፤ በኔና በሱ መሐል ትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው። ኬላው ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀት ጠየቀ። ያሲን የራሱን አሳየ፤ የእናቱን አላወጣም ነበር። ወታደሩ በመስኮቱ ራሱን አስገብቶ አያቸው። "እናት ወዴት ነዎት?" አላቸው። እሳቸው በዚያች አማርኛቸው "አገሬ" አሉት። ገመዱን አወረደው።

በጎጆዎቹ አቅጣጫ ስንደርስ ከባዱ መኪና ከአስፋልቱ መውጣት ስለማይችል ከመንገዱ ዳር ቆምኩና መለከት ነፋሁ። ሴትየዋና ባሏ ግመል ይዘው መጡ። ሴትየዋ እማማ ሐዋን ስታይ እንደ ታማሚ አልተቀበለቻቸውም። ከመንገድ እንደዘገየ ዘመድ ተቆጣቻቸው መሰለኝ፤ እማማ ሐዋ ሲስቁ ሰማሁ። ያሲን አብሯቸው ጥቂት ቀን ቀረ። እኔ ጉዞዬን ቀጠልኩ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ጋቢናው ሰፋብኝ።

ከአዲስ አበባ ስመለስ እዚያ ቦታ ስደርስ መንገድ ዳር ሁለት ሴቶች ቆመው አየሁ። ውኃ የሚለምኑ መስሎኝ ፍጥነቴን ቀነስኩ። አንደኛዋ በትር ተደግፋለች። ቀረብ ስል እማማ ሐዋ ናቸው። ጎጆዎቹ ከመንገዱ ራቅ ያሉ ናቸው፤ በእግራቸው ነበር የመጡት። መኪናውን አቁሜ ወርጄ እጃቸውን ሳምኩ። እጃቸው ሥጋ ይዟል። ያመጡልኝን ወተት ሰጥተውኝ "ጠጣ፣ ልጄ" አሉኝ። እዚያው ቆሜ ጠጣሁ። ሚዳቋዋስ አልኳቸው በእጄ የቀንዷን ቅርጽ እያሳየሁ። እማማ ሐዋ አንድ እግራቸውን አንከስ አድርገው አሳዩኝና ሳቁ። ሴትየዋም ሳቀች።

ወደ ከተማ አልተመለሱም። ያሲን በሹፌሮች መኪና እየተሳፈረ ይጠይቃቸው ነበር፤ እኔም ባለፍኩ ቁጥር ስኳርና ሻይ ቅጠል አደርስላቸው ነበር። የሞቱት ብዙ ቆይተው ነው። ያሲን ሊነግረኝ ከወደቡ ውጭ መኪኖቻችን የሚቆሙበት ሜዳ ድረስ መጣ። "ወደቡ ድረስ ሰው ልከው ለቀብሯ ደረስኩ" አለኝ። "በአባቷ ጉድጓድ አጠገብ ነው የቀበርናት።" አላለቀሰም። ጋቢናዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ እኔም አብሬው ተቀመጥኩ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ያ መንገድ ተዘጋ፤ ያሲንም የት እንዳለ አላውቅም። ምንሽሩን ለመንግሥት አስረክቤያለሁ። አደን ከዚያን ዕለት ወዲህ አልወጣሁም፤ ምዬ ሳይሆን ልቤ ስላልተነሣ ነው። ሴትየዋን ዓሻ እንደሚሏት ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። በቋንቋዋ ማመስገን እንኳ አልቻልኩም።

አሁን አርጅቻለሁ። ከአሰብ ወደብ ስንዴም ጭኛለሁ፣ ማዳበሪያም፣ ብረትም፣ ሲሚንቶም። የትኛውን ለማን እንዳራገፍኩ ብጠየቅ አላስታውስም። እማማ ሐዋን ያወረድኩበትን የመንገድ ዳር ግን ዛሬም ዓይኔን ታስሬ ብወሰድ አገኘዋለሁ።